ቀይዋ በዶሮው ቤት

ሰባት ዓመቴ ላይ አባቴ ሌላ ሴት እንዳለችው ደረስኩበት።

ስሟን አላውቅም። አባቴና አጎቴ ዱዊሊዮ «ቀይዋ» እያሉ ነበር የሚያነሷት፤ በእኛ በጣልያኖቹ አነጋገር ደግሞ ፀጉሯ እንደ መዳብ የቀላ ሴት «ቀይዋ» ትባላለች። ስለዚህ በልቤ ሳልኳት፦ ቁመቷ ሎጋ፣ ወገቧ ቀጭን፣ ፀጉሯ ትከሻዋ ላይ የፈሰሰ። ዛሬ ሰባ ሦስት ዓመቴ ነው። ያን ዘመን ሳስብ አሁንም ቀድማ የምትመጣብኝ ያቺው ሴት ናት። እውነተኛዋ ቀይዋ፣ በዓለም ላይ አምሳያ ያልነበራት ባለ ሁለት ወንበሯ መኪና፣ ሁልጊዜ ዘግይታ ነው የምትደርሰው።

አባቴ ኦሊንዶ ብሬሳን ባትላሜራ ነበር። ዲትሮይት ውስጥ ባትላሜራ እንደ አሸዋ ነው፤ የእሱ ዓይነቱ ግን በጣት ይቆጠራል። ከሰሜን ጣልያን፣ ከፍሪዩሊ ተራሮች ሥር ይዞት የመጣው ሙያ የእንጨት መዶሻና አሸዋ የተሞላ የቆዳ ከረጢት ነው። ጠፍጣፋውን ላሜራ ከረጢቱ ላይ አጋድሞ ቀስ እያለ ሲደበድበው፣ ላሜራው እንደ ፈረስ ጡንቻ ያብጥለታል። ኩባንያው ለትርዒት ብቻ የሚያወጣቸውን፣ ከአንድ በላይ የማይሠሩትን የስፖርት መኪኖች የሚያበጅበት የተቆለፈ ክፍል ነበረው፤ አባቴ የሚውለው እዚያ ነው። የሚሠራውን ለሚስቱ እንኳ ትንፍሽ እንዳይል አስፈርመውታል። እኔ የማውቀው አባዬ «ፋብሪካ» እንደሚሄድ ብቻ ነው።

ግን ሆዱ አይችልም ነበር። አንድ ምሽት የበቆሎ ገንፎው፣ ፖሌንታው፣ ገበታው ላይ ተገልብጦ እየጨሰ፣ እናቴ ኤርሲሊያ በክር እየቆረጠች ስታድለን፣

«ዛሬ ዳሌዋን ጨረስኩ» አለ።

«ልጅ ፊት!»

«ምን አልኩ? ሦስት ሳምንት ነው የፈጀብኝ። መብራት ሲያርፍበት ብታዪው እንደ ውሃ ይንሸራተታል።»

«ዛሬም ከእኛ ጋር እራት ልትበላ መጣች በለኛ!»

«ቀናሽ እንዴ?»

«እኔ? ወስዳህ ቢሆን ካልሲህን ማን እንደሚያጥብልህ አይ ነበር።»

ተሳሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። አባቴ አንድን ነገር ሲመረምር ዓይኑን ጨፍኖ በመዳፉ ይዳብሰዋል፤ የጠረጴዛውን ጠርዝም፣ የእኔንም ጉንጭ። «ጉድፍ የለም» ይላል ከዚያ። ያን ምሽት ሊዳብሰኝ እጁን ሲዘረጋ ፊቴን አዞርኩበት። የማንን ጉንጭ ሲዳብስ እንደዋለ አውቄያለሁና።

በመጋቢት አንድ እሑድ አጎቴ ዱዊሊዮ መጣ። ዱዊሊዮ የአባቴ ታናሽ ነው፤ ላጤ፣ ድምፁ ትልቅ፣ ከኩባንያው ግቢ የሚወጣውን ቁርጥራጭ ብረት በጭነት መኪናው ወደ መጨፍለቂያው የሚያመላልስ። እኔ ጠረጴዛው ሥር ከአሻንጉሊቴ ጋር ነበርኩ። ከላይ ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«ትእዛዝ ወጣ» አለ አባቴ። «ሐሙስ ሊጨርሷት ነው።»

«ምን አጥፍታ?»

«ምንም። ቺካጎ ወስደው ለሕዝብ አሳዩዋት፣ ሕዝቡ እጁ እስኪቃጠል አጨበጨበላት። አሁን አዲሱ ሹም አልወደዳትም። ሌላ ሰው እጅም እንዳትገባ ትጥፋ አለ።»

«ማነው የሚወስዳት?»

«አንተ ነህ።»

ለረጅም ጊዜ የሁለቱን ጫማ ብቻ አየሁ። አንዱም አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ዱዊሊዮ፣

«እኔማ መንገድ መሳት ልማዴ ነው» አለ።

የእንደዚህ ያሉ መኪኖች ዕጣ ይኸው እንደነበር ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ታርጋ አይወጣላቸውም፤ ሰው ነድቷቸው አደጋ ቢደርስ ጣጣው ለሠሪው ስለሚተርፍ፣ ትርዒቱ ሲያልቅ ይጨፈለቃሉ። ያን ሐሙስ ግን ዱዊሊዮ በመጨፍለቂያው በር ፊት ለፊት ሳይቆም አለፈ። ሸራ ያለበሳትን ጭነቱን ከከተማ ውጭ ወዳለው ቤቱ ወስዶ፣ ዶሮ ማርባት ከተወ ወዲህ ባዶውን በቆመው ረጅም የዶሮ ቤት ውስጥ አስገባት። ጠረጴዛው ሥር ለተቀመጠችው ልጅ የገባት ሌላ ነው፦ ክፉ ሰዎች አንዲት ሴት ሊገድሉ ነበር፣ አባቷም ስለሚወዳት ደበቃት።

በዚያው ሳምንት ከወላጆቼ አልጋ ላይ አረንጓዴው ባለ ዘርፍ ብርድ ልብስ ጠፋ።

«እማዬ፣ ብርድ ልብሱስ?»

«ለሚበርደው ሰጠነው።» ይህን ስትል ፊቷን ወደ ምድጃው አዙራ ነበር። እናቴ እያወቀች አባቴ ብርድ ልብሷን እንኳ ወስዶ ለዚያች ሴት እንደሰጣት አልተጠራጠርኩም። ሁለት ቀን ቆይቶ ደግሞ ደረጃው ላይ ተቀምጬ እናቴ ስትጮህ ሰማሁ፤ እናቴ የምትጮህ ሴት አልነበረችም።

«እሷ ወይስ እኛ ኦሊንዶ? አንዱን ምረጥ! የደረሱባት ቀን እኮ የምትወድቀው አንተ ብቻ አይደለህም!»

«ትንሽ ጊዜ ስጪኝ። እስኪረሷት ብቻ።»

«አንተ መቼ ልትረሳት?»

እናቴ ወጥ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች፤ ከውስጥ የሰማሁት ልቅሶ የተከዳች ሚስት ልቅሶ መሰለኝ። ዛሬ ሳስበው የፈራች ሴት ልቅሶ ነው። ብርድ ልብሱንም አጣጥፋ ያስያዘችው ራሷ ነበረች፤ ላሜራው በብርድ እንዳይላብ ብላ።

በሚቀጥለው እሑድ ሁላችንም ዱዊሊዮ ቤት ምሳ በላን። ወደ ጓሮ እንዳልሄድ ተነገረኝ፤ ስለዚህ ሄድኩ። የዶሮው ቤት መስኮቶች ከውስጥ በጋዜጣ ተለጥፈዋል፣ በሩ ላይ አዲስ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ቁልፉ ተከፍቶ ነበር። ጭቃ በነካው በረዶ ላይ በሆዴ ተኛሁና በበሩ ሥር ባለው ክፍተት አየሁ። የአባቴ ጫማ። ከጫማው አጠገብ መሬት የነካ አረንጓዴ ዘርፍ። ድምፁ እኔ ሲያመኝ የሚያናግረኝ ድምፅ ነበር።

«አይዞሽ» ይላል። «አይዞሽ፣ ትንሽ ታገሺ። ብርዱ ይለፍ እንጂ አወጣሻለሁ።»

ከዚያም የእጅ መዳፍ ለስላሳ ነገር ላይ ሲሄድ የሚሰማው ሽው የሚል ድምፅ መጣ። እሷ ምንም አትልም። ታማለች ወይም ታለቅሳለች ብዬ አሰብኩ።

ጠላኋት። ግን በሆዴ እንደተኛሁ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ምሳ ላይ ጥንቸል ወጥ በልተናል፣ ሁለተኛም ተጨምሮልናል፤ ወደ ዶሮው ቤት ግን ሳህን ይዞ የሄደ ሰው አላየሁም። አባቴ እስኪወጣ ከእንጨት ክምሩ ኋላ ተደብቄ ጠበቅሁ። ከዚያ ከኪሴ ሁለት ብስኩት አውጥቼ በክፍተቱ ወደ ውስጥ ገፋሁላት። «ብዪ» አልኳት፤ ሌላ የምላት አልመጣልኝም።

በሚቀጥለው እሑድ ብስኩቱ አልነበረም። አይጦች ናቸው። ያኔ ግን ቀይዋ በላችልኝ ብዬ ነበር ያመንኩት፤ ከዚያ ወዲያም እንደ ፊቱ ልጠላት አቃተኝ። የምፈልገው እንድትሞት ሳይሆን ወደ ቤቷ እንድትሄድ ሆነ። የሆነ ቦታ የሚጠብቃት ሰው ይኖራል፤ ለእናቴም ብርድ ልብሷ ይመለስላታል።

የሚጠብቃት ሰው ሚያዝያ ላይ፣ ማክሰኞ ቀን፣ አባቴ ከሥራ በገባ በግማሽ ሰዓቱ በራችንን አንኳኳ።

ሚስተር ሆልም የአባቴ አለቃ ነበር፤ የተቆለፈው ክፍል ኃላፊ። እኔ አይቼው አላውቅም። ረጅም፣ ግራጫ ካፖርት የለበሰ፣ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ጠርዙን የሚያዞር ሰው ነው። አባቴ ግባ አላለውም። እኔ የሳሎኑ መጋረጃ አጠገብ ቆሜ እሰማለሁ።

«ኦሊንዶ፣ ስንት ዓመት አብረን ሠራን?»

«አሥራ አንድ።»

«እንግዲያው አታልፋኝ። እሷ ያንተ አይደለችም። በወረቀትም በሕግም የእኛ ናት። ትመለስልኝ፣ እኔም እንዳላየሁ ልለፍ።»

«ሚስተር ሆልም፣ ሐሙስ ዕለት ስትሄድ እርስዎም ቆመው አይተዋል።»

«አልደረሰችም። የመጨፍለቂያውን መዝገብ አይቼ ነው የመጣሁት።» ከዚያ ድምፁ ተለወጠ። «አንተ ብቻ የወደድካት ይመስልሃል? እኔ ከእሷ በኋላ ሌላ የምወድ ይመስልሃል?»

አባቴ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።

ባሏ ነው! ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ያ የደከመ ሰው በከተማው እየዞረ ሚስቱን ይፈልጋል፣ አባቴ ደግሞ ዓይኑን እያየ ይዋሸዋል። በወጥ ቤቱ በር ወጥቼ፣ በቤቱ ጎን ዞሬ፣ በካልሲ ብቻ በእርጥቡ ሣር ላይ ሮጥኩ። መኪናውን ሊከፍት ሲል ደረስኩበት።

«ጌታዬ፣ የት እንዳለች አውቃለሁ።»

ጎንበስ አለ። «ማን?»

«ቀይዋ። አጎቴ ዱዊሊዮ ጋ፣ የዶሮው ቤት ውስጥ ናት። ብርድ ልብስ አላት። ብስኩትም ሰጥቻታለሁ።»

ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። ባርኔጣውን አደረገ፣ አወለቀ፣ እንደገና አደረገ።

«ስምሽ ማነው?»

«ኒቨስ።»

«ኒቨስ፣ ለእኔ የነገርሽኝን ለማንም እንዳትነግሪ። ለአባትሽም ለእናትሽም። እሺ?»

«እሺ። አይመቷትም አይደል?»

መኪናው ውስጥ ገባ፤ ሞተሩን ሳያስነሳ ግን ብዙ ቆየ። ያንን ቃል ያስገባኝ ለራሱ ብሎ ነው ስል ለብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። ለእኔ ብሎ ነው።

እኔ እየዘፈንኩ ወደ ቤት ገባሁ። ያን ምሽት ሳልታዘዝ ሳህን አጠብኩ። ቤታችንን ያዳንኩት መስሎኝ ነበር።

ሐሙስ አባቴ በምሳ ሰዓት ቤት መጣ። በሥራ ቀን እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ካፖርቱን ሳያወልቅ ወጥ ቤት ገብቶ እጁን መታጠብ ጀመረ፤ ከጥፍሮቹ ሥር የሚወጣው ውሃ ቀይ ነበር። ይታጠባል፣ ያሻል፣ እንደገና ይታጠባል። እናቴ ከኋላው መጥታ ወገቡን አቀፈችው፣ ፊቷንም ጀርባው ላይ አሳረፈች።

«አለቀች» አላት።

«አውቃለሁ።»

«በእነዚህ እጆቼ ኤርሲሊያ።»

ሁሉንም ከደረጃው ላይ ሰማሁ። ባሏ አግኝቷታል፣ አባቴም አብሮ ገድሏታል፤ የነገርኩት ግን እኔ ነኝ። ሦስት ቀን አተኮሰኝ። አባቴ አልጋዬ አጠገብ ተቀምጦ ያናግረኛል፤ ያው በዶሮው ቤት የሰማሁት ድምፅ ነው፤ እኔ ትራሱን ነክሼ እንቀጠቀጣለሁ። በግንቦት ለመጀመሪያ ቁርባኔ ንስሐ ስገባ ለአባ አቲሊዮ ተናገርኩ።

«ሴት አስገድያለሁ አባቴ።»

ከመጋረጃው ወዲያ ጠጋ አለ። «በምን?»

«በአፌ።»

«ዕድሜሽ ስንት ነው?»

«ሰባት።»

«ሦስት ጊዜ ሰላም ለኪ በዪ። ሲኒማ ማየትም ቀንሺ።»

አባቴ ወደ ኩባንያው አልተመለሰም። ፖሊስም አልመጣም፤ ሆልም ነገሩን የወረቀት ስህተት አስመስሎ ዘጋው። ዱዊሊዮ የጭነት ሥራው ተቋረጠበትና ቲማቲም ወደ ማብቀሉ ዞረ። አባቴ ግራሺየት ጎዳና ላይ ባለ ትንሽ ጋራዥ ተቀጥሮ እስከ ጡረታው ድረስ የተጋጨ በርና የተጨማደደ ፓራፋንጎ ሲያቃና ኖረ። ስሟን ሲያነሳ ሰምቼው አላውቅም። አንዳንዴ ብቻ ያቃናው በር ላይ ዓይኑን ጨፍኖ መዳፉን ያሳርፍና ከሚገባው በላይ ያቆየዋል።

አሥራ አንድ ዓመቴ ላይ በአንድ ሠርግ ዱዊሊዮ ወይን ጠጥቶ ከኪሱ ፎቶግራፍ አወጣ። «ይቺትና ቀይዋ!» አለ። ሰዎቹ ተንጠራርተው አዩ፤ እኔም በእጆቻቸው መካከል አየሁ። አባቴ እጅጌውን ሰብስቦ ቆሟል። ከጎኑ፣ ረጅም ኮፈኗ እንደ ምላስ የተዘረጋ፣ ቁመቷ ከወገቡ የማይበልጥ፣ ከፊትም ከኋላም አብጣ መሐሏ ላይ የቀጠነች ቀይ መኪና አለች። የፎቶግራፉ ሰው አባቴን ሳይሆን እሷን ነበር ያነሳው፤ አባቴ ቅር ያለው አይመስልም።

ሴት አልገደልኩም! ያን ቀን ከአባቴ ጥፍር ሥር የወጣው ቀይ የመኪናዋ ቀለም ነበር። አራት ዓመት የተሸከምኩት ድንጋይ እዚያው የሠርግ ጠረጴዛ ላይ ወረደልኝ። ኬኩን ሳልጨርስ ግን ሌላው ተተካ። ያኛው የሐሰት ነበር፤ ይኼኛው እውነት ስለሆነ አልወርድ አለ። የአባቴን ሥራ፣ በሕይወቱ ከሠራው ሁሉ የበለጠውን ነገር፣ አሳልፌ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ይህንን ሠላሳ ሦስት ዓመት ለማንም አልተናገርኩም።

የተናገርኩት አባቴ ሰማንያ ዓመት ሲሞላው፣ በሚያዝያ፣ በለሷን ስንፈታት ነው። የእኛ ሰዎች በዚያ አገር ብርድ የበለስ ዛፋቸውን በኅዳር በጆንያና በአሮጌ ምንጣፍ ጠቅልለው በገመድ ያስሩታል፤ በሚያዝያ ይፈቱታል። እናቴ የኋላው በር ደረጃ ላይ ተቀምጣ ለእራት የሚሆን የሜዳ ቅጠል ትለቅማለች። አባቴ ገመዱን ይፈታል፣ እኔ እጠቀልላለሁ። ለምን ያን ቀን እንደሆነ እንጃ።

«አባዬ፣ ለሆልም የነገርኩት እኔ ነኝ። ስለ ቀይዋ።»

እጁ አላቆመም። «አውቃለሁ።»

«ሆልም ነገረህ?»

«ሆልም? ሆልም እስኪሞት አልተነፈሳትም። በመስኮት አየሁሽ። በካልሲሽ ስትሮጪ፣ ወደ እሱ ስታንጋጥጪ፣ በእጅሽ ወደ ዱዊሊዮ ቤት ስታሳዪ።» ገመዱን ሰጠኝ። «አቅጣጫውን እንኳ ተሳስተሽ ነበር።»

«ማክሰኞ ነበር እኮ። እስከ ሐሙስ ሁለት ቀን ነበራችሁ። ለምን አላሸሻችኋትም?»

«ዱዊሊዮ የጭነት መኪናውን አዘጋጅቶልኝ ነበር። ኦሃዮ የሚያውቀው ሰው ነበረው። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት።»

«ለምን?»

አሁን ቆመ። «ሆልም ሄዶ ባዶ ቤት ቢያገኝ ማንን ተመልሶ ይጠይቃል? አንቺን። እሱ ባይጠይቅሽ ሌላ ሰው ይልኩብሻል። ወይ አባትሽን ታሳስሪያለሽ፣ ወይ መዋሸት ትማሪያለሽ። ሰባት ዓመትሽ ነው! ለላሜራ ብዬ ልጄን እዚያ መሐል ላቆም ነው?» ትከሻውን ነቀነቀ። «በማግሥቱ ሆልም ጋ ሄጄ ራሴ እኔ ጋ ናት አልኩት። እንዳልሰማ ሆኖ ሰማኝ። አንድ ነገር ብቻ ለመንኩት፤ እንዳትጨፈለቅ፣ እኔ እንድፈታት። ፈቀደልኝ። እንደ ቀሚስ ስፌት በስፌት ተረተርኳት። እሱ ባርኔጣውን አውልቆ እስከ መጨረሻው ቆመ።»

ምንጣፉን ደረቴ ላይ አቅፌ ማልቀስ ጀመርኩ፤ የአርባ አራት ዓመት ሴት።

«እሺ፣ እሺ» አለ ተጨንቆ። «አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ለምን ነገርሽው?»

«ሴት መስላኝ ነበር አባዬ። ውሽማህ። እሱ ደግሞ ባሏ።»

አፉን ከፍቶ አየኝ። ከዚያ ሳቁ ከሆዱ ተነሣና የበለሷን ግንድ አስያዘው።

«ኤርሲሊያ! ስሚ ልጅሽን! ውሽማ ነበረችህ ትለኛለች!»

እናቴ ከቅጠሏ ቀና አላለችም። «ምነው በሆነች! ሴት ብትሆን በመጥረጊያ አባርራት ነበር። ከእሷ ጋር ምን ብዬ ልጣላ? እኔው ራሴ ገብቼ የተቀመጥኩባት።»

የአባቴ ሳቅ ቆመ። «የት ገብተሽ?»

«እሷ ውስጥ ነዋ። አንተ ሥራ፣ ልጅቷ ትምህርት ቤት። በአውቶቡስ ሄጄ ዱዊሊዮን ቁልፉን አምጣ አልኩት። እንዳይነግርህም አስምዬዋለሁ። ከሆነልኝ እሳት ልለኩስባት ነበር የሄድኩት።»

«ማንም እኮ ተቀምጦባት አያውቅም» አለ አባቴ በቀስታ። «ቺካጎም በገመድ አጥረው ነው ያሳዩዋት።»

«እኔ ተቀምጫለሁ። መሪውን ይዤ፣ ጋዜጣ የተለጠፈበትን መስኮት እያየሁ፣ በዶሮ ኩስ ሽታ ውስጥ። ስንት ሰዓት እንደቆየሁ እንጃ። አውቶቡሱ አመለጠኝ።»

አባቴ ሄዶ ደረጃው ላይ አጠገቧ ተቀመጠ። ሙሽራ አጠገብ እንደተቀመጠ ሰው እጁን የሚያደርግበት አጣ። ከዚያ ይጠይቃት ጀመር፦ ወንበሩ ይመች ነበር? ዝቅ ይላል፣ ግን ያኔ ቀጭን ነበርኩ። መሪው እጅ ይሞላል? ይሞላል። ከመቀመጫው ኮፈኑ እንዴት ይታያል? ማለቂያ የለውም። እያንዳንዱን መልስ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል። ዛፏ ግማሿ ተፈትታ፣ ግማሿ ታስራ ቆማለች፤ እኔን ረስተውኛል።

«በሩን ስትዘጊውስ?» አላት በመጨረሻ። «ምን አለ በሩ?»

እናቴ ቅጠሉን እያገላበጠች ጥቂት አሰበች።

«ምንም አላለም» አለችው። «ያኔ ነው ጎበዝ መሆንህን ያወቅሁት።»